የአንድን የባሕር ዓሣ ክምችት ጤንነት ለመመዘን፦ ከመረጃ ዝግጅት እስከ ብያኔ

ስለ ባሕር ዓሣ ሀብት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ወይም ዜና የሚያዘጋጁ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት ስሌቱ ላይ አይደለም። ገና ሳይጀምሩ የተያዘውን ዓሣ መጠን ባሕር ውስጥ ከቀረው ጋር አንድ አድርገው ይወስዳሉ። ከጎተራ የወጣው እህል ብዛት ጎተራው ውስጥ የቀረውን አይናገርም። ፔሩ በ1970 ወደ 12 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ አንቾቬታ የተባለ ትንሽ ዓሣ አወጣች፤ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1972 ኤል ኒኞ ከተከሰተ በኋላ፣ ምርቷ ከ2 ሚሊዮን ቶን በታች ወረደ። የ1970ን የምርት መስመር ብቻ ያየ ሰው ክምችቱ በተሻለ ጤንነት ላይ እንደነበር በሙሉ ልብ ይጽፍ ነበር።

ይህ መመሪያ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ መረጃ ተነሥተው አንድን ክምችት እንዴት እንደሚመዝኑ፣ ብያኔዎንም ሌላ ሰው ሊያጣራው በሚችል መልክ እንዴት እንደሚጽፉ ያሳያል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመርዎ በፊት

ሁለት ጥያቄዎችን በሁለት የተለያዩ ገጾች ላይ ይጻፉ። የመጀመሪያው «ባሕር ውስጥ ምን ያህል ቀርቷል?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «አሁን በምን ያህል ብርታት እየተያዘ ነው?» የሚለው ነው። ክምችቱ ተመናምኖ ማስገሩ ግን ልከኛ ሊሆን ይችላል፤ ክምችቱ ገና ብዙ ሆኖ ማስገሩ ልክ ያለፈበት ጊዜም አለ። ሁለቱን በአንድ ቃል «አደጋ ላይ ነው» ብሎ መጠቅለል የሚቀጥሉትን ደረጃዎች ሁሉ ያበላሻል።

ቀጥሎ የሚከተሉትን ያሰባስቡ፦

- በየዓመቱ የተያዘው ዓሣ መጠን። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ማለትም ፋኦ፣ ከ1950 ጀምሮ ያለውን ያወጣል።
- የማስገር ጥረት፦ የመርከብ ቀናት፣ የመንጠቆ ብዛት ወይም መረብ የተጣለበት ጊዜ።
- የጥናት መርከቦች ቅኝት ካለ ውጤቱ።
- የዓሦቹ የርዝመት ልኬት፣ መሣሪያውና የተለካበት ቦታ ከነምክንያቱ ተጽፎ።
- የዝርያው ሕይወታዊ ባሕርይ፦ የሚደርስበት የመጨረሻ ርዝመት፣ የዕድገት ፍጥነት፣ ለመራባት የሚደርስበት ርዝመትና ተፈጥሯዊ የሞት መጠን። ፊሽቤዝ የተባለው የመረጃ ቋት መነሻ ይሆንዎታል።

ከየቁጥሩ ጎን ምንጩንና የመረጃውን የመጨረሻ ዓመት ይመዝግቡ። ዛሬ የታተመ ሪፖርት ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በፊት ስለነበረው ሁኔታ ነው።

ደረጃ 1፦ ክምችቱን ለይተው ይወስኑ

የዝርያ ስም ብቻውን ክምችት አይደለም። ክምችት ማለት በአንድ አካባቢ የሚራባ፣ ከሌላው ጋር ብዙም የማይቀላቀልና በአንድነት ሊመዘን የሚችል የዓሣ ስብስብ ነው። የአትላንቲክ ኮድ የተባለውን ዓሣ ይመልከቱ፤ በ2013 በባረንትስ ባሕር ለሚገኘው ክምችት የተፈቀደው ኮታ 1 ሚሊዮን ቶን ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ዳርቻ የሚገኘው ክምችት በ1992 በተጣለው የማስገር እገዳ ሥር ነበር። «የአትላንቲክ ኮድ ጤናማ ነው» የሚለውም «ወድሟል» የሚለውም ዓረፍተ ነገር በዚያ ዓመት ስህተት ይሆን ነበር።

1. የዝርያውን ሳይንሳዊ ስም ያረጋግጡ። የገበያ ስም ከአገር አገር ይለያያል።
2. ፋኦ ባሕሮችን ከከፈለባቸው 19 ዋና ዋና የማስገሪያ ክልሎች የትኛው እንደሚመለከትዎት ይለዩ። ቀይ ባሕር በክልል 51፣ በምዕራባዊው የሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ይገኛል፤ ሜዲትራኒያንና ጥቁር ባሕር ደግሞ ክልል 37 ናቸው።
3. ክምችቱን የሚያስተዳድር አካል ካለ የእሱን የወሰን አከፋፈል ይጠቀሙ። የሕንድ ውቅያኖስ የቱና ኮሚሽን፣ ለምሳሌ፣ ቢጫ ክንፍ ቱናን በውቅያኖሱ ሁሉ እንደ አንድ ክምችት ይመዝነዋል።

*ችግር ሲገጥምዎ፦* የክልል ቁጥር ለስታቲስቲክስ የተሠመረ ወሰን ስለሆነ በአንዱ ክልል ውስጥ ብዙ ክምችቶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ዓሣውም ወሰን አያውቅም። የአትላንቲክ ሰማያዊ ክንፍ ቱና የምሥራቅና የምዕራብ ተብሎ በሁለት ተከፍሎ ይመዘናል፤ ዓሦቹ ግን መስመሩን ያቋርጣሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኙ አዲስ ወሰን አይፍጠሩ። ባለው ወሰን ይሥሩና መቀላቀሉን በብያኔዎ ውስጥ ይጥቀሱ።

ደረጃ 2፦ የምርት መረጃውን ያጽዱ

የተመዘገበው ብዙውን ጊዜ ወደብ የደረሰው ነው። ተይዞ ወደ ባሕር ተመልሶ የተጣለው፣ በሕገወጥ መንገድ የተያዘውና ትንንሽ ጀልባዎች ለቤት ፍጆታ ያወጡት ሰንጠረዡ ላይ ላይኖሩ ይችላሉ። ከዚህ ሌላ «በሌላ ቦታ ያልተካተቱ» በሚል ርዕስ የተጠቃለሉ ረድፎች አሉ፤ አንድ አገር ዝርያዎቹን ሳይለይ ሲመዘግብ የእርስዎ ዝርያ እዚያ ውስጥ ይደበቃል። ዝርያው «ጠፋ» ብለው ከመጻፍዎ በፊት በዚያው ዓመት የጥቅል ረድፉ አብጦ እንደሆነ ይመልከቱ።

ባዶ ሕዋስን ከዜሮ ይለዩ። ፋኦ ራሱ የገመታቸውን ቁጥሮች በምልክት ስለሚለያቸው ምልክቱን አይሰርዙ። ከዚያ መስመሩ ድንገት በዘለለበት ወይም በወደቀበት ዓመት ሁሉ ላይ ቆመው ምክንያቱን ይጻፉ፦ ሕግ ወጥቶ ነው? ዋጋ ተለውጦ ነው? አዲስ መርከቦች ገብተው ነው? ወይስ የአመዘጋገብ ዘዴው ተቀይሮ? የኒውፋውንድላንድ ኮድ ምርት ከ1992 በኋላ ወለል ላይ የወረደው በሕግ ትእዛዝ ጭምር ነው። በሌላ በኩል ቻይና በ1990ዎቹ ታቀርብ የነበረው የባሕር ምርት አኃዝ የተጋነነ መሆኑ በኋላ ሲታወቅ የዓለም ጠቅላላ ምርት አዝማሚያም አብሮ ተለወጠ፤ ያድጋል ሲባል የነበረው መስመር በእርግጥ እያቆለቆለ ኖሯል።

*ማስጠንቀቂያ፦* ምክንያቱን ያላገኙለትን ዝላይ በአማካይ አያስተካክሉት። እንዳለ ይተዉትና «ምክንያቱ አልተገኘም» ብለው ምልክት ያድርጉበት።

ደረጃ 3፦ የብዛት አመልካች ይፈልጉ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ይመጣሉ። ከሁሉ የሚሻለው የጥናት መርከብ ቅኝት ነው፤ በየዓመቱ በተመሳሳይ መረብ፣ በተመሳሳይ ወቅትና በእጣ በተመረጡ ቦታዎች ስለሚሠራ ዓሣ የበዛበትን ቦታ እየመረጠ አይሄድም። ቅኝት ከሌለ «ምርት በጥረት» የሚባለውን፣ ማለትም በአንድ የመርከብ ቀን ወይም በ1,000 መንጠቆ የተያዘውን ዓሣ ያሰላሉ።

ይህ አመልካች ግን ያታልላል፤ ይህን ደረጃ በችኮላ የሚያልፉ ሰዎች የሚወድቁትም እዚሁ ላይ ነው። አስጋሪ ዓሣ ያለበትን ቦታ ያውቃል። ዓሣው እየቀነሰ ሲሄድ የቀረው በጥቂት ቦታዎች ላይ ከተሰበሰበ መርከቦቹም እዚያው ይሰበሰባሉ፤ ክምችቱ እየሟጠጠ የቀን ምርታቸው ግን አይቀንስም። በኒውፋውንድላንድ በ1980ዎቹ የሆነው ይኸው ነበር፤ የትላልቆቹ ጎታች መርከቦች የቀን ምርት ክምችቱ እያደገ እንደሆነ ሲያመለክት የጥናት መርከቦች ቅኝት ግን ዝቅ ያለ ነገር ያሳይ ነበር። ሁለቱ እንዲታረቁ ተብሎ መሐል ላይ የተወሰደው ግምት የክምችቱን መጠን አጋነነው። ባሕር ሳንሄድ በጣናም የሚታወቅ ነገር ነው፦ ለመራባት ወደ ወንዞች የሚወጡት የጣና ዓሦች ወንዝ አፍ ላይ ሲከማቹ መረብ የጣለ ሰው ሐይቁ ሙሉ ዓሣ ይመስለዋል።

1. ጥረቱ በእርግጥ አንድ ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ። የዛሬ አንድ የመርከብ ቀን ከ1985ቱ ጋር አይተካከልም፤ ሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ፣ የድምፅ ሞገድ ዓሣ መፈለጊያ፣ ቱናን በሥሩ የሚሰበስብ ተንሳፋፊ ዕቃ ሁሉ በመሐል ገብተዋል።
2. በመርከብ ዓይነት፣ በወቅትና በቦታ ከፋፍለው ያስሉ። አንድ ድፍን አማካይ አይጠቀሙ።
3. የማስገሪያውን ስፋት በካርታ ላይ በየዓመቱ ይሣሉ። የቀን ምርት ሳይቀንስ ቦታው ብቻ እየጠበበ ከሄደ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው።
4. ቅኝቱና የመርከቦቹ ምርት ከተጣሉ አማካያቸውን አይውሰዱ። ሁለቱንም ለየብቻ ይዘው እስከ መጨረሻው ይሂዱና ሁለት ብያኔ ያቅርቡ።

ደረጃ 4፦ አመልካች ከሌለ በርዝመት ይመዝኑ

በዓለም ላይ ያሉ አብዛኞቹ ክምችቶች፣ በተለይ በሐሩር ክልል፣ ቅኝትም የረጅም ጊዜ የጥረት መዝገብም የላቸውም። ያን ጊዜ የሚቀረው የመለኪያ ሰሌዳ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በብርቱ የሚያዝ ክምችት ውስጥ ዓሦች ሳያረጁ ስለሚያልቁ ትላልቆቹ ይጠፋሉ፤ አማካይ ርዝመቱም ወደ ታች ይወርዳል።

ለልምምድ በተመረጡ ቁጥሮች እንሥራው። የዝርያው የመጨረሻ ርዝመት 60 ሴ.ሜ.፣ የዕድገት ፍጥነቱ በዓመት 0.3፣ ተፈጥሯዊ ሞቱ 0.45 ይሁን (የሞት ቁጥሮቹ የዓመት ፍጥነት እንጂ መቶኛ አይደሉም)።

1. የርዝመት ሥርጭቱን በየ2 ሴ.ሜ. ከፋፍለው ይሣሉ። መሣሪያው ዓሣን ሙሉ በሙሉ መያዝ የሚጀምርበትን ርዝመት፣ ብዙውን ጊዜ ከጉብታው ጫፍ አጠገብ ያለውን፣ ይለዩ። እዚህ 30 ሴ.ሜ. ነው እንበል።
2. ከ30 ሴ.ሜ. በላይ የሆኑትን ዓሦች ብቻ ወስደው አማካይ ርዝመታቸውን ያስሉ። 36 ሴ.ሜ. ወጣ።
3. ጠቅላላ ሞትን ያስሉ፦ የዕድገት ፍጥነት × (የመጨረሻ ርዝመት − አማካይ) ÷ (አማካይ − መነሻ ርዝመት)። 0.3 × 24 ÷ 6 = 1.2።
4. ተፈጥሯዊውን ይቀንሱ፦ 1.2 − 0.45 = 0.75። ይህ በማስገር የሚደርሰው ሞት ነው።
5. ለተፈጥሯዊው ሞት ያካፍሉ፦ 0.75 ÷ 0.45 = 1.67። ሌላ መመዘኛ በሌለበት ጊዜ በማስገር የሚደርሰው ሞት ከተፈጥሯዊው እንዳይበልጥ መጠበቅ የተለመደ የጥንቃቄ መነሻ ስለሆነ ይህ ክምችት በጣም በብርቱ እየተያዘ ነው።

በሁለተኛው ተግባር ላይ ትንንሾቹን ዓሦች ሳያወጡ ቢቀሩ ምን እንደሚሆን ይመልከቱ። አማካዩ ወደ 33 ቢወርድ ቀመሩ 0.3 × 27 ÷ 3 = 2.7 ይሰጥዎታል፤ በማስገር የሚደርሰው ሞትም 2.25 ይሆናል። በሦስት ሴንቲ ሜትር ስህተት ውጤቱ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ውጤትዎ ከ2 በላይ ሲወጣ በአስጋሪዎች ላይ ከመፍረድዎ በፊት ሁለተኛውን ተግባር እንደገና ይሥሩ።

*ሌሎች የሚያሳስቱ ነገሮች፦*

- ዓሣው ጭንቅላቱን አስገብቶ የሚያዝበት የቁም መረብ የሚይዘው መካከለኛውን ብቻ ነው። ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ አይገባም። በዚህ መረብ ብቻ የተሰበሰበ ልኬት ትልልቅ ዓሣ የለም ቢልዎ አይመኑት፤ የመንጠቆ ምርትም ይጨምሩበት።
- ርዝመት እስከ ጭራ ጫፍ፣ እስከ ጭራ ሹካ ወይም እስከ ጭራ ሥር ይለካል። የእርስዎና የምንጩ አለካክ አንድ መሆኑን ያረጋግጡ።
- የመጨረሻ ርዝመትንና የዕድገት ፍጥነትን ከአንድ ጥናት በጥንድ ይውሰዱ። አንዱን ከዚህ ሌላውን ከዚያ መውሰድ ሁለቱ የተሳሰሩበትን ዝምድና ይበጥሳል።
- ዓሣው ገበያ ላይ በመጠን ከተመደበ በኋላ አይለኩ። ትልልቁ ቀድሞ ለሆቴል ሄዶ ይሆናል።
- ባለፈው ዓመት እጅግ ብዙ ጫጩት ከተፈለፈለ አማካይ ርዝመቱ ይወርዳል፤ ይህ ግን መልካም ዜና ነው። ስለዚህ በአንድ ዓመት ልኬት አይፍረዱ።

ደረጃ 5፦ መመዘኛውን ይምረጡና ስሙን ይጻፉ

ክምችት «ተሟጧል» የሚባለው ከአንድ መመዘኛ አንጻር ነው። ፋኦ የሚጠቀመው መሠረታዊ መለኪያ ካልተነካው ክምችት አንጻር ነው፦ ከ40 በመቶ በታች ከልክ በላይ የተሰገረ፣ ከ40 እስከ 60 በመቶ በዘላቂነት እስከ ልኩ የተሰገረ፣ ከ60 በመቶ በላይ ደግሞ ገና ያልተሰገረ ተብሎ ይመደባል። በአሜሪካ ብዙውን ጊዜ ክምችት ከልክ በላይ የተሰገረ የሚባለው ከፍተኛ ዘላቂ ምርት (ክምችቱን ሳያመናምን በየዓመቱ ሊወጣ የሚችለውን ትልቁን ምርት) ከሚሰጠው መጠን ግማሽ በታች ሲወርድ ነው። ያ መጠን ካልተነካው ክምችት 50 በመቶ ነው ብንል፣ 35 በመቶ ላይ ያለ ክምችት በፋኦ መለኪያ ከልክ በላይ የተሰገረ ሆኖ በአሜሪካው ዝርዝር ላይ ላይገኝ ይችላል።

መመዘኛው ራሱ ሲለወጥም ብያኔው ይለወጣል። ካናዳ በ2023 የሰሜኑ ኮድ የሚባለውን የኒውፋውንድላንድ ክምችት ዝቅተኛ ወሰን እንደገና አስልታ ዝቅ ስታደርገው ክምችቱ ከ«አሳሳቢ» ወደ «ጥንቃቄ የሚሻ» ምድብ ተሻገረ፤ በዚያ ዕለት ባሕር ውስጥ አንድም ዓሣ አልተጨመረም። በ2024 እገዳው ተነሥቶ 18,000 ቶን ተፈቀደ። የአዲሱ ስሌት መሠረት ረዘም ያለ ዘመንን ስለሚያካትት ለውጡ ያለምክንያት አልነበረም፤ ሆኖም «ክምችቱ አገገመ» ብሎ የዘገበ ሰው የመመዘኛውን ለውጥ ሳያነሣ ማለፉ ትክክል አይደለም ብዬ አምናለሁ።

እንደ አንቾቬታ ላሉ ዕድሜያቸው አጭር ለሆኑ ዓሦች የረጅም ጊዜ አማካይ ብዙም አይረዳም። ፔሩ ከየወቅቱ በፊት በድምፅ ሞገድ ቅኝት ታካሂዳለች፤ በ2023 በሰሜንና መካከለኛው ባሕሯ የመጀመሪያውን ወቅት የሰረዘችው ጫጩቱ ስለበዛ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ዝርያ «ለመራባት ምን ያህል ይቀራል?» የሚለውን ይጠይቁ።

ደረጃ 6፦ በአራቱ ምድቦች ውስጥ ያስቀምጡ

ሁለት ማካፈል ይሠራሉ፦ የአሁኑ ክምችት ሲካፈል ለመመዘኛው፣ የአሁኑ በማስገር የሚደርስ ሞት ሲካፈል ለመመዘኛው። የቱና ኮሚሽኖች ውጤቱን በአራት ቀለም ያስቀምጡታል፦

- አረንጓዴ፦ ክምችቱ ከ1 በላይ፣ ማስገሩ ከ1 በታች።
- ብርቱካናማ፦ ክምችቱ ገና ከ1 በላይ፣ ማስገሩ ግን ልክ አልፏል።
- ቢጫ፦ ክምችቱ ከ1 በታች፣ ማስገሩ ቀንሷል፤ ሊያገግም ይችላል።
- ቀይ፦ ሁለቱም መጥፎ ናቸው።

በርዝመት ብቻ ከሠሩ ሁለተኛው ቁጥር ብቻ አለዎት። የክምችቱን ቁጥር ከራስዎ አይፍጠሩ፤ «በማስገሩ ረገድ ልክ ያለፈ፣ የክምችቱ መጠን ያልታወቀ» ብለው ይጻፉ።

ደረጃ 7፦ ውጤቱን ይፈትኑ

በጣም ያላመኑበትን ቁጥር ወስደው ከፍና ዝቅ ያድርጉት። ከላይ ባለው ምሳሌ ተፈጥሯዊ ሞቱን 0.35 ብናደርገው በማስገር የሚደርሰው ሞት 0.85፣ ድርሻውም 2.4 ይሆናል፤ 0.55 ብናደርገው 0.65 እና 1.2 ይሆናል። በሁለቱም ከ1 በላይ ስለሆነ የብያኔው አቅጣጫ ጸንቷል፤ መጠኑ ግን ስላልጸና «1.67 እጥፍ» ብለው በእርግጠኝነት አይጻፉ።

የክምችቱን መጠን በየዓመቱ የሚገምት የስሌት ሞዴል ካለዎት የመጨረሻዎቹን ዓመታት አንድ በአንድ እየቀነሱ እንደገና ያስሉት። በየጊዜው አዲስ መረጃ ሲጨመር ያለፈው ዓመት ግምት ሁልጊዜ ወደ ታች የሚታረም ከሆነ ሞዴሉ ክምችቱን የማጋነን ልማድ አለበት ማለት ነው።

የባለሙያ ግምገማም ከዚህ ነፃ አይደለም። የሕንድ ውቅያኖስ ቢጫ ክንፍ ቱና ከ2015 ጀምሮ ከልክ በላይ እንደተሰገረ ሲነገር ቆይቶ በ2024 የተሠራው ግምገማ በአረንጓዴው ምድብ ውስጥ አስቀመጠው። ለዚህ ለውጥ የምርት በጥረት አመልካቹ እንደገና መሠራቱ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ስለዚህ ብያኔ ሲቀየር መጀመሪያ የሚጠየቀው «ዓሣው ነው የተለወጠው ወይስ መረጃው?» የሚለው ነው።

ደረጃ 8፦ ከአንድ ክምችት ወደ ዓለም ሲሄዱ

የዓለሙን አኃዝ ሲጠቅሱ መቶኛው የምን መቶኛ እንደሆነ ይለዩ። ፋኦ በ2025 ባወጣው ግምገማ ከተመዘኑት 2,570 ክምችቶች 64.5 በመቶው በዘላቂነት የሚሰገሩ፣ 35.5 በመቶው ከልክ በላይ የተሰገሩ ናቸው። በምርት ክብደት ሲሰላ ግን ከተመዘኑት ክምችቶች ከወጣው ዓሣ 77.2 በመቶው ዘላቂ ከሆኑት የመጣ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንደኛው ክምችቶችን ይቆጥራል፣ ሌላኛው ቶን ይመዝናል። «ከዓለም ዓሣ አንድ ሦስተኛው ተሟጧል» የሚለው ግን ከሁለቱ አንዱንም አይገልጽም።

ሁለተኛው የተለመደ ስህተት እስከ ልኩ የተሰገሩትን ከልክ ካለፉት ጋር መደመር ነው። በ2021 መረጃ 50.5 በመቶው እስከ ልኩ፣ 37.7 በመቶው ከልክ በላይ የተሰገሩ ነበሩ፤ ሁለቱን ደምሮ «ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው እየወደመ ነው» የሚል ጽሑፍ ያላየ አንባቢ ጥቂት ነው። እስከ ልኩ መሰገር የአስተዳደር ግብ እንጂ ጥፋት አይደለም።

የ2025ቱ ግምገማ የአሠራር ዘዴውንና የክምችቶቹን ዝርዝር አስፍቶ ስለለወጠ 35.5ን ከ37.7 ጎን አስቀምጠው «ተሻሻለ» አይበሉ። ከ1974 ጀምሮ፣ ዘላቂው ድርሻ 90 በመቶ ከነበረበት ጊዜ አንሥቶ የሚታየውን አዝማሚያ ለማሳየት ከፈለጉ በአንድ ዘዴ የተሠራውን ተከታታይ መረጃ ብቻ ይጠቀሙ።

ደረጃ 9፦ ብያኔውን ይጻፉ

አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አምስት ነገሮች ይግቡ፦ ዝርያውና ክልሉ፣ የመረጃው የመጨረሻ ዓመት፣ መመዘኛው፣ ውጤቱ፣ የእርግጠኝነቱ መጠን። ለምሳሌ፦ «እስከ 2022 ባለው የርዝመት መረጃ መሠረት በዚህ ክልል ያለው ክምችት ከተፈጥሯዊ ሞቱ በሚበልጥ መጠን እየተሰገረ ነው፤ ተፈጥሯዊ ሞቱን ከፍና ዝቅ ብናደርግም ድምዳሜው አይቀየርም፤ የክምችቱ መጠን ግን አልተመዘነም።»

ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ ዓረፍተ ነገሩን አያሳትሙ። መረጃው ከዝርያው አንድ ትውልድ ዕድሜ በላይ ከቆየ «በወቅቱ» የሚል ቃል ይጨምሩበት። ደረጃ 3ም ደረጃ 4ም የሚሠራ ነገር ካልሰጡዎት ብያኔዎ «ያልታወቀ» ነው፤ ከሥሩም የትኛው ልኬት፣ በየትኛው ወደብና በየትኛው ወቅት ቢሰበሰብ ሊታወቅ እንደሚችል ይዘርዝሩ።